ብቸኛ ተርቦችን ከፎቶ መለየት፦ የሚምታቱትን ጎን ለጎን ስናያቸው

አንድ የተርብ ፎቶ በስልካችሁ አለ እንበል፤ መልኩ ጥቁር፣ እዚህም እዚያም ቢጫ ጣል ያለበት፣ ወገበ ቀጭን። ለሦስት ሰው ብታሳዩት አንዱ «ጭቃ ለጣፊ» ይላል፣ ሁለተኛው «ሸረሪት አዳኝ»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ይናደፋል፣ ተዉት» ብሎ ይገላገላል። ሦስቱም የፈረዱት ቀለሙን አይተው ነው። ጥቁርና ቢጫ ግን በተርብ ዓለም የደንብ ልብስ ነው፤ ዘመድም ባዕድም ይለብሰዋል፣ መናደፊያ የሌላቸው ዝንቦች ሳይቀሩ። ስለዚህ እዚህ ቀለም ወደ ኋላ ይቆያል። የሚቀድሙት የክንፉ አቀማመጥ፣ የወገቡ ቅርጽ፣ ዓይኑ፣ የኋላ እግሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተርቧ ይዛው የምትሄደው ግዳይ ናቸው።

«ብቸኛ» የምንላቸው ንግሥትና ሠራተኛ የሌላቸውን ነው። እያንዳንዷ ሴት የራሷን ጎጆ ትሠራለች ወይም ትቆፍራለች፣ ለልጆቿ ራሷ ታድናለች፣ እንቁላሏን ጥላ ደጁን ትዘጋለች። በመንጋ የሚኖሩት ተርቦች ስማቸው ገነነ እንጂ በዝርያ ብዛት ብቸኞቹ እጅግ ይበልጧቸዋል። ፎቶ ይዞ ለሚጠይቅ ሰው ሥራው የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ተርብ ነው ወይስ አስመሳይ?

ይህን ቶሎ እንለፈው። ዝንብ ክንፉ ሁለት ብቻ ነው፣ አንቴናው ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፣ ዓይኑም አብዛኛውን ጭንቅላት ይይዛል። አበባ ላይ በአየር ቀጥ ብሎ የሚንዣበብ «ተርብ» ካያችሁ መጀመሪያ ዝንብን ጠርጥሩ። ክንፈ ብርሃን የሆኑ የእሳት እራቶችም ተርብ ይመስላሉ፤ የሚያጋልጣቸው ወገባቸው ነው፣ ደረታቸውና ሆዳቸው መሀል የሚቀጥን ነገር የለም። ንብ ደግሞ በአብዛኛው ጸጉራም ናት፣ የአበባ ዱቄትም በኋላ እግሯ ወይም በሆዷ ሥር ትሸከማለች።

የሚያስቸግረው ኖማዳ የሚባለው የንብ ጂነስ (የቅርብ ዘመዳሞች የሆኑ ዝርያዎች ስብስብ) ነው። በሌሎች ንቦች ጎጆ እንቁላሉን የሚጥል ጥገኛ ስለሆነ ዱቄት አይሸከምም፣ ጸጉሩም ሳስቶ ጥቁርና ቢጫ ወይም ቀይ ሰውነቱ ተጋልጧል። እዚህ ላይ ፊቱን ተመልከቱ። ብዙዎቹ ቆፋሪ ተርቦች ፊታቸው ላይ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ብር የሚያንጸባርቅ የተኛ ጸጉር አላቸው፤ ኖማዳ ላይ ያን ዓይነት ብልጭታ አታገኙም።

ክንፉ ታጥፏል ወይስ ተነጥፏል?

ትልቁ መለያ ይህ ነው፤ ደብዛዛ ፎቶ ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ ይታያል። ያረፈ ተርብ የፊት ክንፉ በቁመቱ ለሁለት ተጣጥፎ ቀጭን ሆኖ ከታየ፣ ቬስፒዴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ናችሁ። ክንፉ ሳይታጠፍ ጀርባው ላይ ከተነጠፈ ወደሚቀጥለው ክፍል እለፉ። ከቬስፒዴ ውጭ ሆኖ ክንፉን የሚያጥፍ አንድ አስቸጋሪ አለ፣ ሉኮስፒስ ይባላል። እሱንም ቢሆን ያበጠው የኋላ ጭኑና ሴቷ በጀርባዋ ላይ ወደ ፊት ቀልብሳ የምትይዘው እንቁላል መጣያ ያጋልጡታል።

ቬስፒዴ ውስጥ ዋናው ምርጫ በወረቀት ሠሪው ፖሊስቴስና በሸክላ ሠሪዎቹ ተርቦች መካከል ነው። የመጀመሪያው ማኅበረተኛ ነው፣ ሁለተኞቹ ብቸኞች። ሰዎች የሚለዩአቸው በቢጫው መስመር ብዛት ነው፣ ያ ደግሞ አያዋጣም። እኔ የማምነው መንጋጋን ነው። ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ካላችሁ የሸክላ ሠሪዎቹ መንጋጋ ረጅምና ስለታም ነው፣ ሲዘጋም ይጠላለፋል ወይም እንደ ምንቃር ሾጥጦ ወደ ታች ይወርዳል። የፖሊስቴስ አጭርና ሰፊ ነው። ከጎን ብቻ ያነሳችሁ እንደሆነ የሆዱን የመጀመሪያ ክፍል እዩ። ፖሊስቴስ ላይ ሆዱ ከወገብ ተነስቶ ቀስ በቀስ እየሰፋ ይሄዳል፣ ሲበርም ረጃጅም የኋላ እግሮቹ ተንጠልጥለው ይታያሉ። ከሸክላ ሠሪዎቹ እነ አንሲስትሮሴረስ ግን ወገባቸው በድንገት ነው የሚሰፋው፤ የመጀመሪያው ክፍል ከፊት በኩል የተቆረጠ ይመስላል፣ በላዩም አግድም የሚሄድ ጠርዝ አለው። ዩሜኔስና ዴልታ የሚባሉት ሌሎቹ ሸክላ ሠሪዎች ደግሞ ወገባቸው ረጅም ስለሆነ ከፖሊስቴስ ጋር አይምታቱም። የሚምታቱት ከሌላ ጋር ነው፣ እሱን አሁን እናየዋለን።

ወንዱ ከሆነ የበለጠ ቀላል ነው። የብዙ ሸክላ ሠሪ ወንዶች አንቴና ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ ይቆለመማል። በደንብ ፎከስ ያደረገ ፎቶ ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል።

ወገበ ቀጭኖቹ

ብዙ ፎቶ ተሳስቶ የሚሰየመው እዚህ ላይ ነው፣ እኛም ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ሸክላ ሠሪውን ዴልታንና ጭቃ ለጣፊውን ሴሊፍሮንን እናወዳድር። ሁለቱም ጥቁርና ቢጫ ናቸው፣ ሁለቱም ጭቃ ይሸከማሉ፣ ሁለቱም ግድግዳና ጣሪያ ሥር ይገነባሉ። ልዩነታቸው ወገቡ አሠራር ላይ ነው። የዴልታ ወገብ ከደረቱ ቀጥኖ ይነሳና ወደ ኋላ እየወፈረ ይሄዳል። የሴሊፍሮን ወገብ ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል የቀጠነ ዘንግ ነው፣ ሆዱ የሚጀምረው ዘንጉ ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ካልታየ ዓይኑ ይረዳል። የዴልታ ዓይን በውስጥ ጠርዙ በኩል ጎድጎድ ብሎ ኩላሊት ይመስላል፣ የሴሊፍሮን ጠርዝ ግን እንዲህ አይጎደጉድም። ክንፉም እንደተባለው ነው፦ ዴልታ ያጥፈዋል፣ ሴሊፍሮን አያጥፈውም።

ግዳያቸውም ይለያያል። ዴልታ አባጨጓሬ ታመጣለች፣ ሴሊፍሮን ትናንሽ ሸረሪቶች። የተሰበረ የጭቃ ጎጆ ፎቶ ካላችሁና ውስጡ በደነዘዙ ሸረሪቶች ከታጨቀ፣ ሸክላ ሠሪዎቹን ከዝርዝሩ መሰረዝ ትችላላችሁ። እንቁላሉም ምስክር ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ባዶ ክፍል ውስጥ እንቁላሏን በቀጭን ክር ከጣሪያው ታንጠለጥልና ከዚያ በኋላ ነው አደን የምትወጣው። ሴሊፍሮን ግን እንቁላሏን የምትለጥፈው በሸረሪቷ ገላ ላይ ነው።

ሴሊፍሮን ውስጥ እስከ ዝርያ መውረድ የሚቻልበት ጊዜ አለ፣ ቦታው ከታወቀ። በአፍሪካና በሜዲትራኒያን ዙሪያ የሚገኘው ሴሊፍሮን ስፒሪፌክስ ደረቱ ሙሉ ለሙሉ ጥቁር፣ የወገቡ ዘንግ ቢጫ ነው። ከሰሜን አሜሪካ ተነስቶ ወደ ሌሎች አህጉራት የተዛመተው ሴሊፍሮን ሴሜንታሪየም ደረቱ ላይ ቢጫ ምልክቶች አሉት። ከእስያ ወደ አውሮፓ የገባው ሴሊፍሮን ኩርቫተም ደግሞ ሆዱ ላይ ተደጋጋሚ መስመሮች ይታዩበታል። ጭቃ ለጣፊዎች ጎጆአቸው በዕቃ ላይ ተጣብቆ ከአገር አገር ስለሚጓዝ «እኛ ጋ የለም» ብሎ በችኮላ መደምደም አይመከርም።

ቀጥሎ አሞፊላና ፖዳሎኒያ። ሁለቱም ጥቁር ሆነው ሆዳቸው ላይ ቀይ ወይም ብርቱካናማ አላቸው፣ ሁለቱም መሬት ይቆፍራሉ፣ ሁለቱም አባጨጓሬ ያድናሉ። አሞፊላ ሰውነቷ እጅግ ረጅምና ሸንቃጣ ነው፤ ወገቧ ወደ ሆዷ የሚሸጋገረው ቀስ ብሎ ስለሆነ የት ላይ እንዳበቃ ለመናገር ያስቸግራል። ፖዳሎኒያ ጸጉራምና ደንዳና ናት፣ የወገቧ ዘንግ አጠር ያለ ነው፣ ሆዷም በድንገት ይጀምራል። አንድ ፎቶ ብቻ ሳይሆን ተከታታይ ካላችሁ ጠባያቸውም ያግዛል፦ አሞፊላ ጉድጓዷን አስቀድማ ቆፍራ ነው ለአደን የምትወጣው፣ ፖዳሎኒያ በአብዛኛው መጀመሪያ ታድንና ግዳይዋን አስቀምጣ ትቆፍራለች። ስለዚህ የደነዘዘ አባጨጓሬ አጠገቧ ተኝቶ አዲስ ጉድጓድ ስትጀምር ከታየች ወደ ፖዳሎኒያ አዘንብሉ።

ሌላው ወገበ ቀጭን ትሪፖክሲሎን ነው፤ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ሸረሪት አዳኝ። እንደ ሸክላ ሠሪዎቹ ዓይኑ በጥልቅ የጎደጎደ ስለሆነ ብዙዎችን ያስታል። ክንፉ ግን አይታጠፍም፤ ያ ይበቃል።

በመጨረሻ ኢክኒውሞኖች አሉ። እነዚህ ጎጆ ሠሪዎች አይደሉም፤ በሌላ ነፍሳት ገላ ውስጥ ወይም ላይ እንቁላል የሚጥሉ ናቸው። የሚለያቸው አንቴና ነው። የተናዳፊ ተርብ ሴት አንቴናዋ በደንቡ 12 ክፍል አለው፣ የወንዱ 13። የኢክኒውሞን ብዙውን ጊዜ ከ16 በላይ ነው፣ ረጅምና ሲባጎ መሳይ ሆኖ ይወዛወዛል። ፎቶው ጥርት ያለ ከሆነ ቁጠሩ፤ ካልሆነ አንቴናው ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚረዝም እዩ። ከሆዷ መጨረሻ የሚወጣ ረጅም ክር ከታየማ ነገሩ አልቋል፣ እሱ እንቁላል መጣያዋ ነው።

ጥቁሮቹና ሰማያዊዎቹ፦ ፖምፒሊዴ ወይስ ስፌሲዴ?

ሙሉ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ፣ ክንፉ ጭስማ ወይም ብርቱካናማ፣ መሬት ላይ እየተርበደበደ የሚሮጥ ተርብ ያጋጥማል። አንደኛው አማራጭ ሸረሪት አዳኞቹ ፖምፒሊዴ ናቸው፣ ሁለተኛው ከስፌሲዴ ቤተሰብ እንደ ካሊቢዮን ያለ።

የኋላ እግር እዩ። የፖምፒሊዴ የኋላ እግር በጣም ረጅም ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ጭኑ ብቻውን ወደ ኋላ ቢዘረጋ የሆዱን ጫፍ ይደርሳል ወይም ያልፋል፣ ቅልጥሙም እሾሃም ነው። የሴቶቹ አንቴና ብዙ ጊዜ ይጠቀለላል። ወገባቸው አለ፣ ግን ዘንግ የሚባል አይደለም። ካሊቢዮን በአንጻሩ የታወቀ ዘንግ አላት።

ሁለቱም ሸረሪት ያድናሉ፣ አስተዳደናቸው ግን ለየቅል ነው። ፖምፒሊዴ ለአንድ እንቁላል አንድ ትልቅ ሸረሪት ብቻ ታዘጋጃለች፣ ግዳይዋ ከባድ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ እየሄደች መሬት ለመሬት ትጎትታለች። እነ ካሊቢዮንና ሴሊፍሮን ትናንሾችን እያመላለሱ አንዱን ክፍል ይሞላሉ። ስለዚህ አንዲት ተርብ ከራሷ የሚበልጥ ሸረሪት ስትጎትት የሚያሳይ ፎቶ በእጃችሁ ካለ፣ ወደ ፖምፒሊዴ ለመሄድ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም። የሸረሪቷ እግሮች ተቆርጠው ከሆነ ደግሞ አውፕሎፐስና ዘመዶቹ ናቸው የሚጠረጠሩት፤ ለጭነት እንዲመቻቸው እግሯን ይቆርጣሉ።

ከቤተሰቡ በታች መውረድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጥቁር ፖምፒሊዴ ከፎቶ እስከ ዝርያ ተለይቶልኛል የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እጠራጠራለሁ። መለያዎቹ የክንፍ ደም ሥሮችና የእግር ጦሮች ናቸው፣ ስልክ አይደርስባቸውም። የአሜሪካዎቹ ፔፕሲስ በግዝፈታቸውና ብዙዎቹ በብርቱካናማ ክንፋቸው እስከ ጂነስ ይፈቅዳሉ። እነሱን በማክሮ ለማንሳት ስትጠጉ ግን ጥንቃቄ አይጎድላችሁ፤ የነፍሳት ተመራማሪው ጀስቲን ሽሚት ባዘጋጀው የንድፊያ ሕመም መለኪያ ከፍተኛውን 4 ያገኙ ናቸው።

አሸዋ ላይ የሚሠሩት

ቤምቢክስ፣ ፊላንቱስ፣ ሰርሰሪስ። ሦስቱም ቢጫና ጥቁር መስመር አላቸው፣ ሦስቱም በአሸዋማ መሬት ይቆፍራሉ፣ በድሮ መጻሕፍትም ሦስቱም ክራቦኒዴ በሚባል አንድ ቤተሰብ ሥር ተጽፈዋል። በ2018 የወጣ የዘረመል ጥናት ያ ቤተሰብ መፍረስ እንዳለበት ካሳየ ወዲህ ቤምቢክስ በአንድ በኩል፣ ፊላንቱስና ሰርሰሪስ በሌላ በኩል ሆነዋል። ስለዚህ ሁለት ምንጮች የተለያየ የቤተሰብ ስም ቢሰጧችሁ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ አንዱ ቀደም ብሎ የተጻፈ ነው።

ቤምቢክስን አፏ ይለያታል፤ የላይኛው ከንፈሯ ረዝሞ እንደ ምንቃር ወደ ታች ይወርዳል። ዓይኗ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው፣ የሆዷ መስመሮችም ሞገድ ይመስላሉ። ዝንብ ታድናለች። ፊላንቱስ ሰፊ ጭንቅላት አለው፤ ፊላንቱስ ትሪያንጉለም የምትባለው የማር ንብ ታድንና ንቧን ሆድ ለሆድ ገጥማ ከሥሯ አቅፋ ትበራለች። ሰርሰሪስ ላይ ደግሞ ከላይ የተነሳ ፎቶ ነው የሚሻለው፣ የሆዷ ክፍሎች መጋጠሚያቸው ላይ እየተሰረጎዱ ይሄዳሉና። ብዙዎቹ ጢንዚዛ፣ አንዳንዶቹ ንብ ያድናሉ። ሰርሰሪስ ፉሚፔኒስ የሰሜን አሜሪካን የአሽ ዛፎች የፈጀውን አረንጓዴ ጢንዚዛ ለመከታተል አገልግላለች፤ ሰዎች ጎጆዋ አጠገብ ሆነው የምታመጣውን ጢንዚዛ እያዩ ተባዩ አካባቢው መድረስ አለመድረሱን ያረጋግጣሉ። ግዳይ ለእኛም የሚጠቅመን በዚሁ መንገድ ነው።

ለመሆኑ ከመናደፊያዋ ጫፍ ዝንብ ሰክታ የምትበር ትንሽ ተርብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኦክሲቤለስ ናት። እንዲህ ያለ ፎቶ ከተገኘ ቀለሙን ማየት እንኳ አያስፈልግም።

የሚያብረቀርቁት

ብረት መሳይ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ቀይ ሆኖ ገላው በነቁጥ በነቁጥ የተጎደጎደ ከሆነ ክሪሲዲዴ ነው። የሆዱ ሥር ወደ ውስጥ የገባ ነው፣ ሲደነግጥም ይጠቀለላል። ከላይ የሚቆጠሩት የሆድ ክፍሎች በአብዛኛው ሦስት ብቻ ናቸው። በረሮ አዳኙ አምፑሌክስ ኮምፕሬሳም አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ ስለሚያበራ ከዚህ ጋር ይምታታል። እሱ ግን ረዘም ያለ ነው፣ እስከ 22 ሚሊሜትር ገደማ፤ አንገት ያለው ይመስላል፣ የመካከለኛና የኋላ እግሮቹ ጭን ቀይ ነው። የበረሮን አንቴና ይዛ እየመራች ስትወስድ ከታየችማ የሚያከራክር ነገር አይኖርም። በ1941 ወደ ሃዋይ የተወሰደችው በረሮ ትቀንሳለች ተብሎ ነበር።

ከክሪሲዲዴ ውስጥ ክሪሲስ ኢግኒታ የሚባለውን ቡድን ከፎቶ እስከ ዝርያ ለመለየት አትድከሙ። ሰማያዊ አረንጓዴ ደረት፣ ቀይ ሆድ ያላቸው በርካታ ዝርያዎች ናቸው፤ በማይክሮስኮፕ እንኳ ባለሙያውን ያደክማሉ። «ክሪሲስ» ብሎ መተው ሙሉ መልስ ነው።

ጸጉራሞቹ

ትልቅ፣ ጸጉራም፣ ክንፉ ጫፍ ላይ ደቃቅ ሽብሽባት ያለው ስኮሊዴ ነው፤ የጢንዚዛ እጭ ፍለጋ አፈር ይቆፍራል። ክንፍ የሌለው፣ ጉንዳን የሚመስል፣ ቀይ ወይም ነጭ ጸጉር ያለው የሙቲሊዴ ሴት ነው። ጉንዳን አንቴናው ክርን አለው፣ ወገቡም ላይ እብጠት አለ፤ ሙቲሊዴ ላይ ሁለቱም እንደዚያ ሆነው አይታዩም። በእጅ ግን አትሞክሩት፣ አነዳደፉ ክፉ ነው።

ፎቶው እንዴት ይነሳ?

ምርጫው አንድ ያማረ ፎቶ ወይም አራት ተራ ፎቶ ከሆነ አራቱን ተራ ውሰዱ፦ ከላይ፣ ከጎን፣ ፊት ለፊት፣ ያረፈ ክንፍ። ከላይ የተነሳው ውብ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን መንጋጋውንም የወገቡን አሠራርም አያሳይም። ከጎን የተነሳው ለብቻው ከሌሎቹ ይበልጣል። ፍላሽ የፊት ብር ጸጉርን ስለሚያነጣው በተፈጥሮ ብርሃን ይሻላል።

ጎጆ አጠገብ ስትቀመጡ ቅጠልም ሆነ እንጨት አታንሱ፣ ፎቶውን ቢጋርድ እንኳ። የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ኒኮ ቲንበርገን በ1932 ባሳተመው ጥናት በፊላንቱስ ጎጆ አፍ ዙሪያ የጥድ ፍሬ ደርድሮ ነበር፤ ተርቧ ከወጣች በኋላ ድርድሩን ራቅ ሲያደርገው፣ ስትመለስ ጎጆዋን ትታ የሄደችው ወደ ድርድሩ ነው። እናንተም ምልክቷን ካነሳችሁባት ግዳይዋን ይዛ ስትንከራተት ትቆያለች፣ የምትፈልጉትን የመግቢያ ፎቶም አታገኙም።

አፕ፣ ሰው ወይስ መለያ ቁልፍ?

እንደ አይናቹራሊስት ያሉ አፖች ምስሉን ካዩአቸው ፎቶዎች ጋር አመሳስለው ስም ያቀርባሉ። እስከ ቤተሰብ፣ ብዙ ጊዜም እስከ ጂነስ ጥሩ ጀማሪ ናቸው። ድክመታቸው እርግጠኝነታቸው ነው፤ በብዛት የተነሳውን ዝርያ ያስቀድማሉ፣ እምብዛም ፎቶ የሌለው አካባቢ ላይ ደግሞ የሌላ አህጉር ስም ይዘው ይመጣሉ። ሁለተኛ ሰው ስሙን ያጸደቀው አፑን አይቶ ከሆነ ደግሞ ሁለት ድምፅ አልሆነም፣ ያው አንድ ነው። ስለዚህ «ለምን እሱ አልከው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ወገብን፣ ዓይንን ወይም ክንፍን ከጠቀሰ ያዙት። የታተመ መለያ ቁልፍ፣ ማለትም በጥያቄ በጥያቄ ወደ ስሙ የሚያደርስ ጽሑፍ፣ ከሁሉም ይታመናል፣ ነገር ግን የተጻፈው ናሙና በእጁ ላለ ሰው ነው፤ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ፎቶው የማያሳየውን ነገር ይጠይቃችኋል። በየትኛው ጥያቄ ላይ እንደቆማችሁ ጻፉና ስሙን እዚያው ደረጃ ላይ ተዉት። ከፎቶው ጋር ቦታውን፣ ቀኑን፣ በግምት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነና ምን ይዛ እንደነበረ ጨምሩበት፤ በኋላ የሚያየው ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው።